«ቀይ ክንፍ» ወይስ «ክንፈ ቀይ»?

ጥያቄ፦ ወንዶ ገነት ደን ውስጥ ክንፏና ጀርባዋ ደም የመሰለ አንዲት ትንሽ ወፍ አየሁ። አስጎብኚው የነገረኝ የፈረንጅ ስሟ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የአቢሲኒያ ቀይ ክንፍ» ይሆናል። እንዲያ ልበላት? «ድንቢጥ» ብላትስ ስህተት ነው?

መልስ፦ ዕድለኛ ነዎት! ይህች ወፍ 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ናት። የደጋ ደን ቁጥቋጦ ሥር ስለምትውል በቀላሉ አትታይም።

«ቀይ ክንፍ» ግን አይበሏት። እንዲያ ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው ክንፉ ብቻ ነው፤ ወፏ የለችበትም። አማርኛ ለዚህ ጥሩ መላ አለው። የአካሉን ስም ያስቀድማል፤ የመጨረሻ ፊደሉን ከሳድስ ወደ ግዕዝ ይመልሳል፤ ከዚያ ቅጽሉን ያስከትላል። ልብ «ልበ ሙሉ»፣ አፍ «አፈ ጮሌ»፣ እጅ «እጀ ሰፊ» የሚሆኑት በዚህ መንገድ ነው። «ልበ ሙሉ ነው» ስንል የምናወራው ስለ ሰውዬው ነው እንጂ ስለ ልቡ ብቻ አይደለም። እንግዲህ ወፏም «ክንፈ ቀይ» ናት። «ባለ ቀይ ክንፍ» ቢሉም ትክክል ነው። እኔ ግን የመጀመሪያውን እወደዋለሁ። አጭር ነው፤ ለስምም ይመቻል። ሲበዛ «ክንፈ ቀዮች» ይሆናል፤ የብዙ ምልክቱ መጨረሻው ላይ ነው የሚገባው።

«ድንቢጥ» ስህተት አይደለም። እርግጥ በሳይንሱ አመዳደብ ክንፈ ቀይና ጣሪያችን ሥር ጎጆ የምትሠራው ድንቢጥ ቤተሰባቸው ይለያያል። የአማርኛው ቃል ግን ከዚህ አመዳደብ በፊት የነበረ ነው። ሰው ድንቢጥ የሚለው ትንሽነቷን፣ ጥሬ ለቃሚነቷን አይቶ ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 10 በአምስት ሳንቲም የሚሸጡት ሁለት ወፎች በአማርኛው «ድንቢጦች» የተባሉት ትንሽነታቸው እንዲሰማን ይመስለኛል። ጀርመናዊው የወፍ ተመራማሪ ራይክኖው እ.ኤ.አ. በ1892 ይህችን ወፍ ለሳይንስ ሲያስተዋውቅ የመደበበት የወገን ስም «ክሪፕቶስፒዛ» ነው። ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን «የተሸሸገች ትንሽ ወፍ» እንደማለት ነው። «ድንቢጥ» ከዚህ ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ሙሉ ስሟን «ክንፈ ቀይ ድንቢጥ» ይበሉ።

ደግሞ «አንዲት ትንሽ ወፍ» ብለው መጻፍዎን አይቀይሩ። ትንሽና የምትወደድ ነገር በአማርኛ በአንስታይ ጾታ ትጠራለች፤ ያዩት ወንዱን ቢሆንም እንኳ። መለየት ካስፈለገ «ወንዱ ክንፈ ቀይ» ማለት ይበቃል።