ፎቶ ጽሑፍ አይደለም፦ ስለ ቤተ መጻሕፍትና ስለ አካል ጉዳተኛ አንባቢዎች ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ እንደምን አመሻችሁ። በጎጃም ያላችሁ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞችና መምህራን ስለ አካል ጉዳተኛ አንባቢዎች የምትጠይቁት እንዳላችሁ ስለተነገረኝ እነሆ መጥቻለሁ። ለማታውቁኝ፣ ዓይነ ስውር ነኝ፤ ባሕር ዳር ውስጥ በቤተ መጻሕፍት ሥራ ብዙ ዓመት አሳልፌአለሁ። ስለ ግንባታና ስለ ግዢ ብትጠይቁኝ የምታገኙት መልስ አጭር ነው። ስለሚነበብ ፋይል ከጠየቃችሁኝ ግን ዶሮ እስኪጮህ አወራለሁ። አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል፤ በስካነር የተነሣ ገጽ ፎቶ ነው። ፎቶ ጽሑፍ አይደለም።

ከዳንግላ፦ መምህር፣ እንደምን አመሹ። ዘንድሮ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን ሁለት ዓይነ ስውራን ተማሪዎች ገብተዋል። ያለን አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ነው፤ በጀት የለንም። ከየት እንጀምር?

መላሽ፦ ተባረክ፤ ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው። ኤን ቪ ዲ ኤ የሚባለውን የስክሪን አንባቢ፣ ማለትም በስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም አውርድ። ነፃ ነው። የጀመረው ማይክል ከረን የተባለ ዓይነ ስውር አውስትራሊያዊ ነው፤ በ2006 እ.ኤ.አ.። በዊንዶውስ ላይ ይሠራል፤ በፍላሽ ይዘኸው ብትዞር እንኳ ሳትጭነው ከፍላሹ ይነሣል። ለማውረድ ኢንተርኔት አንድ ቀን ካገኘህ ይበቃሃል፤ ከዚያ በኋላ መስመር ቢቋረጥም ማንበቡን አያቆምም። አብሮት የሚመጣው ኢስፒክ የተባለው ድምፅ አማርኛ ያነባል። ድምፁ በርሜል ውስጥ ሆኖ የሚናገር ሰው ይመስላል፤ አትደንግጡ፣ በሳምንት ይለመዳል። እኔ አፍጥኜ ስለምሰማው ባለቤቴ «ወፍጮህን ዝጋልኝ» ትለኛለች።

ሌላው የጆሮ ማዳመጫ ነው፤ ለሁለት ተማሪ ሁለት። ማውዙን ከጠረጴዛው አንሣው። ተማሪዎቹ የሚሠሩት በቁልፍ ሰሌዳ ብቻ ነውና መጀመሪያ የኤፍና የጄ ቁልፎች ላይ ያለችውን ትንሽ ጉብታ በጣታቸው ያግኙ። ሁለቱ አመልካች ጣቶች እዚያ ካረፉ ሌላው ቁልፍ ሁሉ ቦታው ይታወቃል። ይህን ሳታስተምር ፕሮግራሙን ብቻ ከፍተህ ብትሄድ ልጆቹ ጩኸት ነው የሚሰሙት።

ከቡሬ፦ ለዓይነ ስውራን የሚሆን ጥሩ ሶፍትዌር የትኛው ነው? ለመግዛት አስበን ነበር።

መላሽ፦ ከላይ ለዳንግላው የጻፍሁትን አንብብ። ጆውስ የሚባል ጥሩ ፕሮግራም አለ፤ ዋጋው ግን ውድ ነው። ያለ ፈቃድ ከከፈትኸው 40 ደቂቃ ያነብልህና ኮምፒውተሩን እንደገና እስክታስነሣ ዝም ይላል።

ከደብረ ማርቆስ፦ የመምህራንን የማስተማሪያ ጽሑፎች በፒዲኤፍ ሰብስበን በአንድ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጠናል። ተማሪዎቹ ግን አንዳንዱ ፋይል ጭራሽ ዝም ይላል፣ አንዳንዱ ደግሞ የማይገባ ነገር ይለፈልፋል አሉን። ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ ይሆን?

መላሽ፦ ኮምፒውተሩ ደኅና ነው፤ የታመሙት ፋይሎቹ ናቸው፣ ሕመማቸውም ሁለት ዓይነት ነው። ዝም የሚለው ፎቶ ነው። ማሽኑ ገጹን የሚያየው እኛ የግድግዳ ሥዕል እንደምናየው ነው፤ «እኛ» አልሁ እንዴ? እናንተ እንደምታዩት። ስለዚህ ፊደል ለቃሚ፣ ማለትም ከፎቶው ላይ ፊደሉን እየለየ ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ፕሮግራም ያስፈልገዋል። ቴሰራክት የተባለው ነፃ ነው፣ አማርኛ ያውቃል፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ኢንተርኔት ካላችሁ ፒዲኤፉን ጉግል ድራይቭ ላይ ጫኑና በጉግል ዶክስ ክፈቱት፤ ፊደሉን ለቅሞ ያወጣዋል። ገጹ በኢንች 300 ነጥብ ጥራት ይነሣ፤ አይጣመም። የወጣውን ደግሞ የሚያይ ሰው ከመጽሐፉ ጋር ያመሳክረው። በፊደላችን የግራና የቀኝ ቅጥያ ትንሽ ስለሆነች ፕሮግራሙ «ተ»ን «ቱ»፣ «በ»ን «ቡ» ሊያደርግ ይችላል።

የሚለፈልፈው ፋይል ሌላ ነው፤ በሽታው የድሮ ፊደል ነው። የግእዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ የየቋንቋውን ፊደል ወደሚለዩበት የጋራ መለያ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ያሉ ፕሮግራሞች በእንግሊዝኛ ፊደላት ቦታ ላይ የአማርኛ መልክ እያስቀመጡ ነበር የሚጽፉት። በጊዜያቸው ባለውለታ ናቸው፤ አልወቅሳቸውም። ለዓይን «ሰላም» ይመስላል፤ ለማሽኑ ግን የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ነው፤ እሱም ያየውን ያነባል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ አንድ መስመር ቅዱና ኖትፓድ ላይ ለጥፉት። አማርኛ ሆኖ ከቀረ ጤነኛ ነው፤ ዝብርቅርቅ ካለ ወደ ዩኒኮድ ይቀየር ወይም እንደገና ይጻፍ። መምህራኑ ዛሬም በዚያው የሚጽፉ ከሆነ ችግሩ ከእናንተ ክፍል ሳይሆን ከእነሱ ጠረጴዛ ነው የሚነሣው። ፒዲኤፍ ብቻ ሳይሆን ዋናውን የወርድ ፋይል ጠይቋቸው።

ከሞጣ፦ በስልክና በኮምፒውተር ማዳመጥ ከተቻለ በጣት የሚዳሰሰው የነጥብ ጽሑፍ፣ ብሬል፣ ጊዜው አልፎበታል ማለት ነው። ቤተ መጻሕፍታችን ያሉት የብሬል መጻሕፍት መደርደሪያ ከማጣበብ በቀር የሚነካቸው የለም።

ከቢቸና፦ ሰው ያልነካቸው የሚያስተምር ስለሌለ ነው እንጂ! ሰባት ዓመት በስሌትና ስታይለስ፣ በብሬል መጻፊያው ሰሌዳና መውጊያ፣ የተማርሁ ሰው ነኝ። አንተ መጽሐፍህን በዓይንህ እያነበብህ ለእኔ «አንተ ስማ» ትለኛለህ?

ከሞጣ፦ ወንድሜ፣ በጎጃም ቅኔ ቤቶች ስንት ዓይነ ስውር በጆሮ ብቻ ተምሮ ለመምህርነት በቅቷል። ብሬል ነበራቸው?

ከቢቸና፦ የኔታ ነበሩላቸው። የአንተ ቤተ መጻሕፍት የኔታ አለው?

መላሽ፦ ሁለታችሁም አንድ ጊዜ ጸጥ በሉ። እኔም ልጅ ሳለሁ ቅኔ ቤት ነበርሁና ይህችን ለእኔ ተዉልኝ። ጽሑፋችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ አይለይም። «ይበላል» ብላችሁ ጻፉ፤ ሰውየው ሊበላ ነው ወይስ ሊበሉት? አንባቢ ከአገባቡ ይፈርዳል። የኮምፒውተሩ ድምፅ ግን አንዱን መርጦ ይጮኸዋል፣ ብዙ ጊዜም ይስታል። በዜና ላይ ሲስት ትስቃላችሁ። በቅኔ ላይ ግን ኅብረ ቃሉ ያረፈው በዚያች ቃል ላይ ከሆነ ማሽኑ ሰሙን ወይም ወርቁን ጥሎ ነው የሚያልፈው። ብሬል ቃሉን ሳይፈርድበት ከጣቴ ሥር ያስቀምጠዋል፤ ፈራጁ እኔ ነኝ። በዚያ ላይ ሒሳብን በጆሮ ተከታትላችሁ ሞክሩት።

የሞጣውም እውነት አለው። የአማርኛ ብሬል አናባቢውን ከተነባቢው ነጥሎ ስለሚጽፍ አንዱ መጽሐፍ ብዙ ጥራዝ ይሆናል፤ ቦታ ይፈጃል። ረጅም ልቦለድን በጆሮ፣ ቋንቋንና ሒሳብን በጣት። እኔ የምሠራው እንዲህ ነው።

ከፍኖተ ሰላም፦ መግቢያችን ሦስት ደረጃ አለው። ለዊልቸር መወጣጫ ልንሠራ ነው፤ ምን ያህል ይርዘም?

መላሽ፦ የእኔ ሙያ አይደለም። በተለመደው ልክ ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ነው፤ ሦስቱ ደረጃ 45 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 5 ሜትር ከ40 ይሆናል ማለት ነው። አለቆቻችሁ ካመነቱ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለዊልቸር ተጠቃሚ መግቢያ እንዲኖረው ማዘዙን ንገሯቸው። ሲሚንቶ ከመፍሰሱ በፊት ግን ዊልቸር የሚገፋ ሰው አምጥታችሁ አማክሩ።

ከእንጅባራ፦ መስማት ለተሳናቸውስ?

መላሽ፦ ቪዲዮ ካላችሁ ንግግሩ በጽሑፍ ከሥሩ ይታይ። የምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ያለው ቋንቋ ነውና ለብዙዎቹ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋ መሆኑን አትርሱ። የቀረውን እነሱን ጠይቁ፤ እኔ ስለ እነሱ አልናገርም።

ከባሕር ዳር፦ መጽሐፍን ያለ ደራሲው ፈቃድ ወደሚነበብ ፋይል መቀየር አያስከስስም?

መላሽ፦ ለዚህ ነው የማራካሽ ስምምነት የተፈረመው፤ በ2013 እ.ኤ.አ. ጸደቀ፣ በ2016 ሥራ ላይ ዋለ፣ ኢትዮጵያም በ2020 ገባችበት። ለትርፍ ያልቆመ ተቋም ወይም የመንግሥት ቤተ መጻሕፍት፣ የታተመ ጽሑፍ ማንበብ ለማይችል ሰው ቅጂውን ሊያዘጋጅ ይችላል። ዓይነ ስውር ብቻ አይደለም፤ በእጁ ጉዳት ምክንያት መጽሐፍ መያዝ የማይችል ሰውም ይካተታል። መስማት የተሳነው ግን በዚህ ስምምነት ውስጥ የለም። ተጠቃሚዎቻችሁን መዝግቡ፤ ፋይሉ ለእነሱ ይሰጥ። ለአንዲት ዓይነ ስውር ተማሪ ያዘጋጃችሁትን መጽሐፍ ቴሌግራም ላይ ለሺህ ሰው ከበተናችሁት ግን ስምምነቱ አይጠብቃችሁም።

ከአዴት፦ በጥቂቱ የሚያይ ተማሪ አለን፤ አፍንጫውን መጽሐፉ ላይ ደፍቶ ነው የሚያነበው።

መላሽ፦ ብሬል አትስጡት፤ የሚያይበትን ተጠቀሙበት። ጽሑፉን በ18 ነጥብ ፊደል አትሙለት፤ ግራጫ ቀለም አይሁን። መስኮቱ ከፊቱ ሳይሆን ከጎኑ ይሁን። የኮምፒውተሩን ስክሪን መደብ ጥቁር፣ ፊደሉን ነጭ አድርጋችሁ ሞክሩለት፤ የሚመርጠው ራሱ ነው።

ከቡሬ፦ መምህር፣ መጻሕፍቱን በስልክ ካሜራ አንሥተን ለተማሪዎቹ ብንልክላቸውስ?

መላሽ፦ ቡሬ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ እዚህ አልነበርህም? ፎቶ። ጽሑፍ። አይደለም። ለደብረ ማርቆሱ የመለስሁትን ወደ ላይ ወጥተህ አንብብ።

ከዳሞት፦ በአጠቃላይ ተደራሽነትን እንዴት ማሻሻል ይቻላል?

መላሽ፦ የማንን? ወደ ምን? ሰውየውንና መጽሐፉን ለይተህ ተመለስ።

ከዳንግላ፦ መምህር፣ ኤን ቪ ዲ ኤን አሁን በራሴ ላፕቶፕ ሞከርሁት፤ አማርኛ ያነባል። የሚያነበው ግን እየተጎተተ ነው።

መላሽ፦ በማስተካከያው ውስጥ የንግግር ፍጥነት የሚል አለ፤ ጨምርለት። ልጆቹ ከአንተ የበለጠ ያፈጥኑታል፤ አትከልክላቸው። እኔ የሬዲዮ ዜና ሰዓቴ ደርሷል። አልነበብ ያላችሁ ፋይል ካለ ላኩልኝና ሕመሙን ልንገራችሁ። ፋይሉን ፎቶ አንሥታችሁ የምትልኩ ግን እንዳትልኩ።