ልጅን ሆስፒታል አስተኝቶ ስለሚሰጥ የተሐድሶ ሕክምና፦ ከወሎ ወላጆች ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

እንዴት ሰነበታችሁ። ደሴ የምሠራ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ፤ የማያቸው ልጆች አብዛኞቹ አንጎላቸው ወይም ሕብለ ሰረሰራቸው የተጎዳ ነው። ሆስፒታል ተኝተው ስለሚወስዱት የተሐድሶ ሕክምና፣ ማለትም የተጎዳው አካላቸው በተቻለ መጠን እንዲሠራ ስለሚደረግላቸው ልምምድና ድጋፍ፣ ጠይቁኝ ብዬ የላካችሁልኝን ከዚህ በታች መልሻለሁ። ልጁን ሳላየው መድኃኒት አላዝም፤ የሌላውን ግን የማውቀውን አልደብቅም።

ከሐይቅ፦ ልጄ ሁለት ዓመት ከመንፈቁ ነው። ሲወለድ ቶሎ አላለቀሰም። እግሮቹ ይገተራሉ፣ ሳቆመው እንደ መቀስ ይጠላለፋሉ። ሐኪሙ ሴሬብራል ፓልሲ ነው፣ ተኝቶ ይታከም አለኝ። ጎረቤት ደግሞ ወንድ ልጅ ይዘገያል፣ ጠብቂ ይላል። ብገባ ይድንልኛል?

አብሽሪ እህቴ። ሴሬብራል ፓልሲ ማለት ገና በማደግ ላይ ያለ አንጎል ተጎድቶ የልጁን እንቅስቃሴ ሲያውክ ነው። አንጎሉ ላይ የደረሰው ጉዳት በፊዚዮቴራፒ አይጠፋም፤ በራሱ ጊዜም አይሰፋም። እየባሰ የሚሄደው ሌላው ነው፦ ጡንቻው ያጥራል፣ መገጣጠሚያው ይደርቃል፣ ዳሌው ቀስ በቀስ ከቦታው ይወጣል። ይህን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻላል፤ ጎረቤትሽ ጠብቂ ያሉሽ ጊዜ የሚያልፈው ከዚህ ላይ ነው። በሁለት ዓመቱ ያለ ድጋፍ የሚቀመጥ ልጅ፣ በምርኩዝም ይሁን በድጋፍ፣ የመራመድ ተስፋው ሰፊ ነው። ገና የማይቀመጥ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የምንሠራው መቀመጡ ላይ ነው።

አልጋ ይዞ የሚቆየው መድኃኒት ሊወስድ አይደለም። ጠዋት ጡንቻው ይፍታታል፣ በድጋፍ ይቆማል፤ መቆሙ ብቻ በቀን ተከፋፍሎ እስከ አንድ ሰዓት ሊደርስ ይችላል። ከዚያ መቀመጥ፣ መጫወት፣ በእጁ መጉረስ፣ ልብስ ማውለቅ አለ። ይህን ሁሉ ባለሙያው ብቻ ከሠራውና አንቺ ቆመሽ ካየሽ ግን ቤት ስትገቢ ያበቃል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምረሽ "እጄን ይዛችሁ አሳዩኝ" በያቸው። ከመውጣትሽ በፊትም እነሱ እያዩሽ ሁሉንም ብቻሽን ሥሪው።

እስከዚያው አንድ ነገር ልንገርሽ፦ እዘዪው። እግሮቹን ወገብሽ ላይ ከፍተሽ በአንቀልባ ስታዝዪው፣ የሚጠላለፉት እግሮቹ ተለያይተው ይቆያሉ። እናቶቻችን ያቆዩልን ይህ አስተዛዘል እንዲህ ላለ ልጅ የሚመከር ነው።

ከደላንታ፦ ስንት ጊዜ ነው የምንተኛው? አጨዳ ደርሷል። እኔ ሰብሉን ልሰብስብ፣ አክስቱ ታስታምመው?

ጋሼ፣ እንደ ልጁ ጉዳት ነው። ሴሬብራል ፓልሲ ላለበት ልጅ ብዙ ጊዜ ሳምንታት ተኝቶ፣ ወደ ቤት ሄዶ፣ ከወራት በኋላ ተመልሶ መታየት ነው። የጭንቅላት ወይም የሕብለ ሰረሰር አደጋ ከሆነ ግን ይረዝማል። አክስቱ ቤት ውስጥ ከእሱ ጋር የምትኖር ከሆነች መልካም። ካልሆነች አስታማሚው ነገ የሚያጎርሰው፣ የሚያጥበው፣ የሚያነሳው ሰው ይሁን። ሰብሉ ከተሰበሰበ በኋላ መግባት የሚቻል እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቁት፤ የሕፃን ሴሬብራል ፓልሲ ሁለት ሳምንት ቢቆይ ብዙ ጊዜ ችግር የለውም፤ አዲስ አደጋ ግን አንድ ቀን አይጠብቅም።

ሲመጡ የጤና መድኅን ካርዱን፣ ከጤና ጣቢያ የተጻፈ ሪፈር፣ የቀድሞ ወረቀቶቹንና የሚወስደውን መድኃኒት ከነካርቶኑ ይያዙ። ሪፈር ሳይዙ መጥቶ ከኪስ መክፈል ስንቱን ገበሬ እንደጎዳ አይቻለሁ።

ከኮምቦልቻ፦ የዘጠኝ ዓመት ልጄን ባጃጅ ገጭቷት ራሷን ስታ ነበር። አሁን ነቅታለች፣ ታወራለች፤ ግን ትጮሃለች፣ እናቷን ትመታለች። ጨዋ ልጅ ነበረች።

ወንድሜ፣ ልጅህ አልባለገችም። አንጎል ከከባድ ምት ሲያገግም በዚህ በኩል የሚያልፉ ብዙ ናቸው፤ ድምፅና ብርሃን ይበዛባቸዋል፣ ቁጣቸውን መግታት ያቅታቸዋል። አትምቷት፣ ለምን እንዲህ ሆንሽ ብላችሁም አትጠይቋት፤ እሷም መልሱ የላትም።

እኛ ወሎዎች ጠያቂ ካልሞላ የታመመ የተጠየቀ አይመስለንም። ለእሷ ግን ሸክም ነው። ሁለት ሰው ይግባ፣ በዝግታ ያውራ፣ ይውጣ። ቡናው ከሌላ ክፍል ይፈላ። ቴሌቪዥኑ ይዘጋ፣ ስልክ አትስጧት። እንቅልፏን ጠብቁላት፤ የቀኑም ሥርዓት አይቀያየር፦ መብላት በሰዓቱ፣ እንቅስቃሴ በሰዓቱ፣ ዕረፍት በሰዓቱ።

ትምህርት ቤት ስትመለስ መጀመሪያ ግማሽ ቀን ይሁን፤ አስተማሪዋም የደረሰባትን ይወቅ። አብዛኛው ወላጅ የሚዘናጋው ከዚህ ላይ ነው። ልጅቷ ስትሮጥ ሲያይ ነገሩ አለቀ ይላል፤ የትኩረትና የማስታወስ ችግር ግን ትምህርቱ ሲከብድ፣ ከዓመታት በኋላ ሊወጣ ይችላል። ያን ጊዜ ሰነፍ እንዳትባል የሆስፒታሉን ወረቀት አስቀምጥ። ደጋግማ ካስመለሳት፣ ራስ ምታቷ ከባሰ፣ ከእንቅልፍ አልነቃ ካለች ወይም ካንቀጠቀጣት በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዳት።

ከወልዲያ፦ ልጄ ከማጅራት ገትር በኋላ የሚጥል በሽታ ያዘው። ጸበል ልንገባ ስለሆነ መድኃኒቱን ላቁምለት?

አታቁሚ እናቴ። ጸበሉንም ዱዓውንም የሚከለክልሽ የለም፤ መድኃኒቱን ግን ይዘሽው ግቢ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ የማይቆም መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል፤ ያም የተጎዳውን አንጎል ይበልጥ ይጎዳል። ሲጥለው በጎኑ አስተኚው፣ አፉ ውስጥ ምንም አታስገቢ። ክብሪት ማሽተት አይጠቅመውም። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ሐኪም ቤት።

ከመርሳ፦ ወጌሻ እግሩን በየሳምንቱ ቢስብለትስ?

አይሆንም። ቆሞ የማያውቅ ልጅ አጥንቱ ስስ ነው፤ በጉልበት ሲሳብ ሊሰበር ይችላል። የምናፍታታው ልጁ ሳያለቅስ፣ ቀስ ብለን፣ በየቀኑ ነው።

ከከሚሴ፦ ልጄ ስትበላ ትታነቃለች፣ ደረቷም ይታመማል። ክብደቷ አልጨመር አለ።

ምግቡ ወደ ሳንባዋ እየገባ ሊሆን ይችላልና ይህን ሳትውዪ ሳታድሪ ለሐኪም ንገሪ። ተንጋላ አትመግቢያት። ቀጥ ብላ ትቀመጥ፣ አገጯ ትንሽ ወደ ደረቷ ይውረድ፣ አንቺም ፊት ለፊቷ ተቀመጪ፤ ከላይ ቆመሽ ስታጎርሻት አንገቷ ወደ ኋላ ይሄድና ትንፋሽ መሄጃው ይከፈታል። ቀጭን ነገር፣ ውኃም ቢሆን፣ ብዙ ጊዜ ከወፈረው ይልቅ ያንቃል፤ ስለዚህ አጥሚቱን ወፈር አድርጊው፣ ቅቤ ወይም ዘይት ጨምሪበት። በትንሽ ማንኪያ ስጫት፤ የመጀመሪያውን ሳትውጥ ሁለተኛውን አታቅርቢ። ከበላች በኋላ ግማሽ ሰዓት ቀና ብላ ትቆይ። ተኝታ ስትታከም የአመጋገብ ነገር መጀመሪያ እንዲታይላት ጠይቂ፤ ያልጠገበች ልጅ እንቅስቃሴ ለመሥራት አቅም የላትም።

ከወረኢሉ፦ ደህና የነበረ ልጅ በሦስት ቀን ውስጥ ሁለቱም እግሮቹ ዛሉ። ተሐድሶ ይያዝለት?

ዛሬውኑ ሆስፒታል ይግባ። ድክመቱ ወደ ላይ ከወጣ ትንፋሹን ሊይዘው ይችላል። ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ በድንገት ሲዝል ፖሊዮ አለመሆኑ መጣራት ስላለበት፣ ድክመቱ በጀመረ በ14 ቀን ውስጥ፣ በ24 ሰዓት ልዩነት ሁለት ጊዜ የሰገራ ናሙና ይወሰዳል። ተሐድሶው ከዚያ ይቀጥላል።

ከተንታ፦ ከወጣን በኋላ ቤት ምን እናዘጋጅ? የእግር ድጋፍስ የት ይሠራል?

ድጋፉን ደሴ ያለው የአካል ተሐድሶ ማዕከል ጠይቂ፤ ከመምጣትሽ በፊት ቀጠሮና ማደሪያ አጣሪ። ድጋፉን ስታወልቂለት ቆዳውን እዪ፤ ቅላቱ በግማሽ ሰዓት ካልጠፋ ተጭኖታልና ይስተካከል። ልጅ ያድጋል፣ ድጋፉ አያድግም፤ ጠብቦት ሲያቆስለው ዝም አትበዪ።

ቤት ውስጥ ብዙ ወጪ የለም። ሁለት ረጃጅም የባሕር ዛፍ አግዳሚዎች፣ በልጁ ዳሌ ቁመት፣ ግቢ ውስጥ ትከሉለት፤ በመካከላቸው ይዞ ይራመዳል። ልጣጩ ተልጦ ይለስልስ። ለመቀመጫ አናጢው ጀርባውና ታፋው ቀጥ ያለ ማዕዘን የሚሠሩበት፣ እግሩም መሬት ወይም ሳንቃ የሚነካበት ወንበር ይሥራ። ቁመቱን በዓይን እንዳይገምት ልጁን ይዛችሁት ሂዱ። ትምህርት ቤት የሚሄድ ከሆነም ርእሰ መምህሩን ከመስከረም በፊት አነጋግሪው፤ መማሪያ ክፍሉ ምድር ቤት እንዲሆን፣ ሽንት ቤቱም የሚያዝ ብረት እንዲበጅለት ያን ጊዜ መጠየቅ ይሻላል።