ሐምራዊው ጭጋግ ከየት መጣ?

ጥያቄ፦ የምጽፍላችሁ ከኮዬ ፈጬ ነው። አመሻሽ ላይ ኮንዶሚኒየሞቹን ፎቶ ሳነሳ ሐምራዊ ጭጋግ ይገባብኛል። ስልኬ አዲስ ነው። ልመልሰው?

መልስ፦ ኧረ አትመልሰው! ፀሐይዋ ከፎቶው ጠርዝ ወጣ ብላ ስትቆም ጨረሯ በጎን ይገባና በሌንሶቹ መካከል ይንጸባረቃል፤ ማንኛውም ካሜራ ላይ ያለ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 አይፎን 5 ሲወጣ በዚሁ ሐምራዊ ነጸብራቅ ሚዲያው ጉድ ብሎ ነበር፤ አፕል ግን ካሜራውን ትንሽ ዞር አድርጉት ወይም ሌንሱን በእጃችሁ ከልሉት ብሎ መለሰ፣ እኔም ትክክል ነበር እላለሁ። እንዲህ ያለው ጩኸት ያናድደኛል፤ ሰው ደህና ስልኩን እንዲጠላ ያደርጋል። መጀመሪያ ሌንሱን በንጹህ ጨርቅ ጥረገው፣ አቧራና የጣት ቅባት ነገሩን ያባብሰዋል። ከዛ በመዳፍህ ጥላ ሥራለት። ፀሐይ በሌለበትም ጭጋጉ ካልጠፋ ግን ለገዛህበት ሱቅ አሳየው።