ተመልሶ የሚመጣውን ትሪ ይመልከቱ፦ የሆስፒታል ምግብ አገልግሎትን ስለመምራት ጥያቄና መልስ

የሆስፒታል የምግብና ሥነ ምግብ አገልግሎትን ለዓመታት መርቻለሁ። ክፍሉን አዲስ የተረከቡ ኃላፊዎች፣ ነርሶችና አስታማሚዎች ለላኩልኝ ጥያቄዎች የማውቀውን ያህል እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ክፍሉን ከተረከብሁ አንድ ወር ሆነኝ። ሁሉም ነገር አስቸኳይ ይመስላል። ከምን ልጀምር?

ከወጥ ቤቱ ከሚወጣው ሳይሆን ተመልሶ ከሚመጣው ትሪ ይጀምሩ። ለአንድ ሳምንት በየምሳ ሰዓቱ ጋሪዎቹ የሚመለሱበት በር ላይ ይቁሙ። በእያንዳንዱ ትሪ ላይ ምን ያህሉ እንደተበላ ይመዝግቡ፦ ምንም፣ ሩቡ፣ ግማሹ፣ ሦስት አራተኛው፣ ሙሉው። ሚዛን አያስፈልግም፤ ዓይን ይበቃል።

እኔ ይህን ስጀምር ከአጥንት ሕክምና ክፍል ሾርባው በየቀኑ እንደተከደነ ይመለስ ነበር። ምግብ አብሳዩን ልወቅሰው ተነሥቼ ነበር። ቀመስሁት፤ ጥሩ ሾርባ ነው። ከጋሪው ጋር ወደ ክፍሉ ስሄድ ነገሩ ገባኝ፤ ክዳኑ ጥብቅ ነው፣ ብዙዎቹ ታካሚዎች ደግሞ አንድ እጃቸው በጄሶ የታሰረ ነው። ክዳኑን የሚከፍትላቸው ሰው መደብን፤ ሳህኖቹ ባዷቸውን መመለስ ጀመሩ።

ጥያቄ፦ ሰው ሊታከም በገባበት ቤት በምግብ እጥረት ይጎዳል ማለት አልበዛም?

አልበዛም። ፍሎረንስ ናይቲንጌል በ1859 እ.ኤ.አ. በሺዎች የሚቆጠሩ ሕሙማን ምግብ ሞልቶ ሳለ እንደሚራቡ ጽፋ ነበር። አሜሪካዊው ሐኪም ቻርልስ ባተርወርዝ በ1974 እ.ኤ.አ. ጉዳዩን እንደገና ሲያነሣ የሕክምናውን ዓለም አስደንግጧል። ዛሬም ተኝተው ከሚታከሙ ሰዎች ከአምስት አንዱ እስከ ግማሽ የሚደርሱት በምግብ እጥረት የተጎዱ እንደሆኑ ይገመታል። አንዱ ሲገባ ከስቶ ነው የመጣው፤ ሌላው ለምርመራ ጾም እንዲቆይ ታዞ፣ ምርመራው ወደ ነገ ሲዛወር ምሳውም እራቱም አልፎታል። የትሪው ጠረጴዛ ከእጁ ርቆ የተቀመጠበትም አለ።

ስለዚህ ማንኛውም ታካሚ በገባ በ24 ሰዓት ውስጥ በምግብ እጥረት አደጋ ላይ መሆን አለመሆኑ በቅጽ ይለይ። ሳያስበው ክብደት ቀንሷል? ሰሞኑን የሚበላው አንሷል? ሰውነቱ ከቁመቱ ጋር ሲነጻጸር እንዴት ነው? ሕመሙስ ምን ያህል ከባድ ነው? የኃላፊው ፈተና ግን ከዚህ በኋላ ነው። ቅጹ ተሞልቶ መዝገብ ውስጥ ከቀረ ማንንም አልመገበም። አደጋ ላይ ነው የተባለ ታካሚ በሚቀጥለው ማዕድ የተለየ ትሪ ሊደርሰው ይገባል፤ እንቁላልም ይሁን ወተት፣ ፕሮቲን የተጨመረበት። ለብዙ ሕሙማን በቀን በአንድ ኪሎ ክብደት ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ይመከራል፤ ይህ በቀጭን ሾርባ አይሞላም።

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ። ምሳ ሲቀርብ የሐኪሞች ዙር ይጀመራል፤ ምግቡ ይቀዘቅዛል። ምን ይሻላል?

የምግብ ሰዓት ይከበር። አስቸኳይ ያልሆነ ዙር፣ ምርመራና ጽዳት ለዚያ ሰዓት ይቁም። ይህን የክፍል ኃላፊ ብቻውን አያሳካውም፤ የሕክምና ዳይሬክተሩ መፈረም አለበት። ለመጉረስ እርዳታ ለሚፈልጉት ደግሞ ቀይ ትሪ ይጠቀሙ፤ ከሩቅ ስለሚታይ ምግቡ ሳይበላ ማንም አያነሣውም።

ጥያቄ፦ ስትሮክ ለመታው አባቴ “ለስላሳ ምግብ” ታዞለት፣ የመጣው ሩዝ ትን አለው። ጥፋቱ የማን ነው?

አዝናለሁ፤ እንኳን ተረፉ። ጥፋቱ በአብዛኛው ከቃሉ ይጀምራል። “ለስላሳ” ለሐኪሙ አንድ ነገር ነው፣ ለነርሷ ሌላ፣ ለምግብ አብሳዩ ደግሞ ሌላ። ለዚህ ሲባል መጠጥና ምግብን በውፍረታቸውና በልስላሴያቸው ከ0 እስከ 7 የሚከፍል ዓለም አቀፍ መለኪያ ወጥቷል። ትእዛዙ በቁጥር ይጻፍ፤ ወጥ ቤቱም ምግቡን በሹካ ተጭኖ ፈትኖ ይላክ። የሚበታተን ደረቅ ሩዝ የመዋጥ ችግር ላለበት ሰው አደገኛ ነው። አባትዎ ሲመገቡ ቀጥ ብለው ይቀመጡ፤ የመዋጥ ችሎታቸውም በባለሙያ ይመርመር።

ጥያቄ፦ በጣም የከሳ ታካሚ እንዲያገግም ቶሎ ቶሎ ብዙ ማብላት አይሻልም?

አይሆንም፤ ሊገድለው ይችላል። ለብዙ ቀናት ሳይበላ የቆየ ሰውነት በድንገት ብዙ ምግብ ሲያገኝ በደም ውስጥ ያለው ፎስፌት፣ ፖታሺየምና ማግኒዚየም ይወርዳል፤ ልብም ሊቆም ይችላል። ከፍተኛ አደጋ ላይ ላለ ታካሚ በቀን በአንድ ኪሎ ክብደት ከ10 ኪሎ ካሎሪ (የምግብ ኃይል መለኪያ ነው) ያልበለጠ ተሰጥቶ በቀናት ውስጥ ቀስ በቀስ ይጨመራል፤ ቫይታሚን ቢ1 አስቀድሞ ይሰጣል፣ ደሙም በየጊዜው ይመረመራል። ይህን የሚወስኑት ሐኪሙና የሥነ ምግብ ባለሙያው ተመካክረው ነው። አስታማሚዎች ከቤት ያመጡትን ከማጉረሳቸው በፊት ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ በምግብ ደኅንነት በኩል ፈጽሞ የማይታለፈው ምንድን ነው?

ሙቀትና ሰዓት። ትኩሱ ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ፣ ቀዝቃዛው ከ5 ዲግሪ በታች ይቆይ። ሲበስል መሐሉ ቢያንስ 70 ዲግሪ ይድረስ። ለነገ የሚቀመጠው በሁለት ሰዓት ውስጥ ከ60 ወደ 21፣ በቀጣዩ አራት ሰዓት ውስጥ ደግሞ ወደ 5 ይውረድ፤ በትልቅ ድስት እንዳለ ፍሪጅ ውስጥ ከገባ ይህ አይሆንም፣ በጠፍጣፋ ዕቃ ይከፋፈል። በ1984 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ስታንሊ ሮይድ ሆስፒታል በተከሠተ የሳልሞኔላ ወረርሽኝ 19 ታካሚዎች ሞተዋል፤ መነሻው ያለ ማቀዝቀዣ ለሰዓታት የቆየ ሥጋ እንደሆነ ታምኗል። ቴርሞሜትር የሌለው ወጥ ቤት በግምት እየሠራ ነው።

ጥያቄ፦ በጀት ቀንስ ተብያለሁ።

የሚጣለውን ይቀንሱ እንጂ ፕሮቲኑን አይንኩ። ትናንት የወጣ ታካሚ ዛሬም ትሪ ይላክለታል፤ የስም ዝርዝሩን ከማዕዱ አንድ ሰዓት በፊት ያድሱ።

ጥያቄ፦ ምግብ አብሳዮቼ ተሰላችተዋል፤ ታካሚ አይተው አያውቁም።

ይውሰዷቸው። በወር አንድ ቀን ተራ ገብተው ከጋሪው ጋር ወደ ክፍሎቹ ይሂዱ። ከእኛ አንዱ፣ ዝምተኛ ሰው፣ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ አንዲት እናት ሥጋውን ለመቁረጥ ሲታገሉ ቆሞ አየ። ሹካውን ተቀብሎ ቆራርጦ ሰጣቸው፤ ምንም አልተናገረም። በማግስቱ ማለዳ ማንም ሳያዘው የዚያን ክፍል ሥጋ ለብቻው አድቅቆ ሲከትፍ አገኘሁት።