ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ የነርቭ ማደንዘዣው የእናቴን እግር ይጎዳ ይሆን?

ጥያቄ፦ እናቴ 68 ዓመታቸው ነው፤ 60 ኪሎ ይመዝናሉ። የዳሌ መገጣጠሚያቸው ሊቀየር ነው። ከወገብ መርፌው ሌላ ብሽሽታቸው ላይ የነርቭ ማደንዘዣ እንደሚወጉ ሲነገራቸው «እግሬ በዚያው ሰንፎ ይቀራል» ብለው ፈሩ። እውነት ነው? (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ በዚያው የሚቀርበት አጋጣሚ እጅግ ጥቂት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ የመጀመሪያው ሌሊት ነው።

የወገቡ መርፌ ለቀዶ ሕክምናው ነው፤ በጥቂት ሰዓታት ይለቃል። የብሽሽቱ ከዚያ በኋላ ላለው ሕመም ነው። ወደ ዳሌ የሚሄዱት ነርቮች ብዙ ስለሆኑ ሕመሙን ያቀላል እንጂ ጨርሶ አያጠፋም። ሰመመን ሰጪው በአልትራሳውንድ እያየ ለምሳሌ ቡፒቫኬይን የተባለውን ማደንዘዣ (0.25 በመቶ) 30 ሚሊ ሊትር ከጡንቻው ሽፋን ሥር ይወጋል። ይህ 75 ሚሊ ግራም ነው፤ በኪሎ 2 ሚሊ ግራም ሲሰላ የእናትዎ ጣሪያ 120 ነው። ቀዶ ሐኪሙም ቁስሉ ዙሪያ ማደንዘዣ ከወጋ ግን ሁለቱ ተደምረው መቆጠር አለባቸው። ጆሯቸው ከጮኸ፣ ከንፈራቸው ከደነዘዘ ወይም አፋቸው ብረት ብረት ካላቸው ወዲያው ይናገሩ፤ መድኃኒቱ ደም ውስጥ መብዛቱን ያመለክታል።

አሁን ወደ ሌሊቱ። መርፌው የጭንን የፊት ጡንቻም ሊያዝል ይችላል። ሕመም የለምና «ደህና ነኝ» ብለው ብቻቸውን ወደ ሽንት ቤት ሲነሱ ጉልበት ይከዳል፤ ይወድቃሉ። አብሯቸው የሚያድረው አስታማሚ ይህን ይወቅ፦ አልጋው ጠርዝ ተቀምጠው ጉልበታቸውን መዘርጋት ካልቻሉ አይቁሙ፤ ቢችሉም ያለ ደጋፊ አይሂዱ። እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የሆነው «ፔንግ» የተባለው ዘዴ ወደ መገጣጠሚያው የሚሄዱትን የነርቭ ቅርንጫፎች ስለሚያደነዝዝ ጡንቻውን አብዛኛውን ጊዜ አያሰንፍም፤ ይሰጥ እንደሆነ ይጠይቁ።

ማደንዘዣው ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 16 ሰዓት ይቆያል፤ ሲለቅ ሕመሙ በአንዴ ይመጣል። ስለዚህ ሐኪማቸው ያዘዘላቸውን ማስታገሻ፣ ለምሳሌ ፓራሲታሞል 1 ግራም በየ6 ሰዓቱ፣ ሕመሙ ሳይጀምር ይውሰዱ። የጉበት ሕመም ካለባቸው መጠኑ ይቀንሳል። መደንዘዙ ከ48 ሰዓት ካለፈ ያሳውቁ።

ደም እንዳይረጋ የሚሰጡትን ዋርፋሪን ወይም ክሎፒዶግሬል የሚወስዱ ከሆነ አስቀድመው ለሰመመን ሰጪው ይንገሩ፤ በራሳቸው ግን አያቁሙ። ቤት ሲገቡም ቡና ሲፈላ በርጩማ ላይ አይቀመጡ፤ ዳሌ ከ90 ዲግሪ በላይ ሲታጠፍ አዲሱ መገጣጠሚያ ሊወልቅ ይችላል። ስግደቱም ቀዶ ሐኪማቸው እስኪፈቅዱ ይቆይ።