ሞላዬን ዚንክ ላስነክረው?

ጥያቄ፦ የመኪናዬን ሞላና ብራቾ (ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያዘውን የብረት ክንድ) ዝገት ጀማመረው፣ ፈትቼ ሁሉንም ዚንክ ላስነክር አስቤ ነበር፣ ክሮም ይሻላል የሚሉኝም አሉ፣ ምን ትሉኛላችሁ?

መልስ፦ ክሮሙን ተወው ባክህ፣ ያምራል እንጂ ትንሽ ከተሰነጠቀ ብረቱ ከስር ይበላል፤ ዚንክ ግን ቢጫርም ራሱ ቀድሞ እየተበላ ብረቱን ያተርፍልሃል። ለብራቾው አሪፍ ነው (ጫፉ ላይ ያለውን ጎሚኒ፣ ማለትም የላስቲክ ማቀፊያውን፣ አውጣ እንዳትረሳ)። ጣጣው ሞላው ላይ ነው፣ ብረቱ በሙቀት የጠነከረ ስለሆነ 450 ዲግሪ አካባቢ የቀለጠ ዚንክ ውስጥ ሲገባ ጥንካሬውን ሊያጣ ይችላል፣ በኤሌክትሪክ ይለበጥ ብትል ደግሞ ሃይድሮጅን ብረቱ ውስጥ ይገባና ወዲያው 200 ዲግሪ አካባቢ ለሰዓታት ካልተጋገረ እየነዳህ ድንገት ቀጭ ሊል ይችላል። እኔ ብሆን ሞላውን በደንብ አስጸድቼ የኢፖክሲ ፓውደር ቀለም (በዱቄት መልክ ተረጭቶ በሙቀት የሚደርቅ) ነው የማስቀባው፤ ዝገቱ ጉድጓድ ከሰራበት ግን ቀለምም አያድነውም፣ ቀይረው።