«ታይመሩ ሞላ» ወይስ «ጊዜው አለፈበት»?

ጥያቄ፦ ጋሼ እንዴት ሰነበቱ፣ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሰፈሩ ወጣቶች ስለ ኦፕሬቲንግ ሲስተም በአማርኛ ማስታወሻ እያዘጋጀሁ አስተምራለሁ። አሁን የደረስኩት ብዙ ፕሮሰሰር ባለው ማሽን ላይ ከርነሉ (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) የሃርድዌር ታይመሮችን እንዴት እንደሚያስተዳድር የሚለው ጋ ነው። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ጊዜው ያለፈበት ጊዜ ቆጣሪ ፕሮሰሰሩን ያቋርጠዋል»። አንዷ ተማሪ እጇን አውጥታ «ጊዜው ካለፈበት ለምን አይጣልም?» አለችኝ፣ መልስ አጣሁ። «ታይመሩ ሞላ» ብል ይሻላል? ነው ወይስ ዝም ብዬ «ኤክስፓየር አደረገ» ልበል?

መልስ፦ ወንድሜ ተማሪህ ልክ ናት፣ አማርኛው የነገራትን ነው መልሳ የጠየቀችህ። «አለፈ» ላይ «በት» ስትገባ ነገሩ የተጎዳ ይሆናል፦ ጊዜ ያለፈበት መድኃኒት፣ ፋሽኑ ያለፈበት ኮት፣ ዝናብ የዘነበበት ጤፍ። ተፈረደለትና ተፈረደበትን አስተያያቸው፣ ግሱ አንድ ነው፣ ሰውየውን ቤቱ የምትመልሰውም ወህኒ የምታስገባውም ያቺ ለ ወይ በ ናት። ታይመር ደሞ ሰዓቱ ሲደርስ ነው ሥራው የሚጀምረው፣ የተፈጠረው ለዛች ቅጽበት ነው፣ አንተ ግን በአንዲት «በት» ልክ ሥራ በሚጀምርበት ሰዓት ቆሻሻ ውስጥ ጣልከው። ልጅቷ ብትገረም አይፈረድባትም።

«ሞላ» ግን ደስ ብሎኛል፣ በጣም ነው ደስ ያለኝ። እኔ ያለሁት የካ አባዶ ነው፣ እዚህ ውሃ በፈረቃ ነው የምትመጣው፣ ብዙ ጊዜ ደሞ ሌሊት ነው፣ እና ባለፈው ሐሙስ ማታ ባለቤቴ ምን አለችኝ፣ «ለ8 ሰዓት ሞልተህ ተኛ»። አላርሙን ማለቷ ነው። ሞልቼ ተኛሁ፣ 8 ሰዓት ሲሞላ ጮኸ፣ ተነሳሁ፣ ቧንቧውን ከፈትኩ፣ በርሜሉን ሞላሁ፣ በርሜሉ ሲሞላ ወደ ጀሪካኖቹ አዞርኩት። እዚች ሩብ ሰዓት በማትሞላ ጊዜ ውስጥ አንዱ ግስ ስንት ቦታ እንደገባ ቁጠረው እስቲ። አላርም ይሞላል፣ ሰዓት ይሞላል፣ በርሜል ይሞላል። ማንም አስተምሮን አይደለም፣ ቤት ውስጥ የምንኖርበት ቃል ነው፣ ከርነሉ ታይመር ላይ የሚያደርገውም ይሄንኑ ነው፣ ይሞላዋል፣ ከዛ ሰዓቱ ሲሞላ ይነሳል።

ግን እዚህ ጋ ተጠንቀቅ። «ሞላ» ሁለት ፊት ያለው ግስ ነው፣ ተሳቢም ይቀበላል ያለ ተሳቢም ይቆማል። ሞላሁት ስል ባለቤቱ እኔ ነኝ፣ ሞላ ስል ራሱ ነው። በወሬ መሀል ችግር የለውም፣ ቴክኒክ ጽሑፍ ላይ ግን «ን» የምትባለዋን ፊደል ዋጥ ካደረግካት ነገር ይበላሻል፣ «ከርነሉ ታይመር ሲሞላ» የሚለውን አንዱ ከርነሉ ሲያዘጋጀው ብሎ ያነበዋል ሌላው ደሞ ታይመሩ ሰዓቱ ሲደርስ ብሎ፣ እነዚህ ሁለቱ ደሞ የአንድ ታይመር ልደቱና ፍጻሜው ናቸው። ስለዚህ በማስታወሻህ ውስጥ ሦስቱን ለይተህ ያዝ፦ ከርነሉ ታይመሩን ሞላው፣ ታይመሩ ተሞላ፣ ታይመሩ ሞላ። «ተሞላ» ማለት ተዘጋጅቶ እየጠበቀ ነው፣ «ሞላ» ማለት ሰዓቱ ደርሷል። «ን» አትጣል፣ «ተ» አትጣል፣ በቃ።

አንድ የሃርድዌር ሰው ሊከራከርህ ይችላል። የድሮው የኢንቴል 8254 ቺፕ የሚቆጥረው ወደታች ነው፣ በሰከንድ 1,193,182 ጊዜ እየቀነሰ፣ ቆጣሪው 16 ቢት ስለሆነ ከ65,536 ተነስቶ ዜሮ ለመድረስ 55 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው የሚፈጅበት፣ እያንዳንዱ ኮር (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ራሱን ችሎ የሚሠራ ክፍል) ጎን ያለው የሎካል ኤፒክ ታይመርም እንደዛው ወደታች ነው የሚቆጥረው። ታዲያ እየጎደለ የሚሄድ ነገር እንዴት ሞላ ይባላል? ልክ ጥያቄ ነው፣ መልሱ ግን ቀላል ነው፣ ቁጥሩ አለቀ፣ ቀጠሮው ሞላ። እድር ላይ ዓመት ሞላው ስንል የቀሩት ወራት እያለቁ እኮ ነው፣ የሚሞላው የተባለው ጊዜ ነው እንጂ ቁጥሩ አይደለም። ኤችፔት የሚባለው ሌላ የሃርድዌር ታይመርና ከሱ በኋላ የመጣው፣ የፕሮሰሰሩን የራሱን ቆጣሪ የሚጠቀመው የቲኤስሲ ዴድላይን አሠራር ደሞ ወደላይ የሚቆጥር ሰዓትን ከተሰጠው ቁጥር ጋር እያስተያዩ ሲደርስ ነው ኢንተራፕት (ፕሮሰሰሩን ከያዘው ሥራ የሚጠራ ምልክት) የሚልኩት፣ እዛ ጋ «ሞላ» ሁለት ጊዜ ልክ ነው።

አንድ ቦታ ላይ ብቻ «ሞላ»ን እንዳትጠቀም እለምንሃለሁ። ሊኑክስ የሚባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ጂፊስ የሚባል ምት ቆጣሪ አለው፣ 32 ቢት በሆነበት ማሽን ላይ በሰከንድ 1000 ምት ከተቆጠረ በ49.7 ቀን ከጫፍ ደርሶ ከዜሮ ይጀምራል። ይሄም ሞላ ከተባለ ተማሪው ታይመር የደረሰ ነው የሚመስለው። «ሞልቶ ዜሮ ገባ» በለው። የሊኑክስ ሰዎች ይቺን ነገር ስለሚፈሯት ቆጣሪውን ሆን ብለው ማሽኑ በተነሳ በ5 ደቂቃው ዜሮ እንዲገባ አድርገው ነው የሚያስጀምሩት፣ ስህተት ካለ በ50ኛው ቀን ሳይሆን ዛሬውኑ ይታይ ብለው። ይሄን ለተማሪዎችህ ንገራቸው፣ ይወዱታል።

«ኤክስፓየር አደረገ»ን በተመለከተ። ስም መበደር ምንም አይደለም፣ ታይመር በል፣ ታይመሩ፣ ታይመሮቹ፣ ታይመራችን፣ ሰዋስዋችን ተቀብሎታል። ግስ ስትበደር ግን አማርኛ ብዙ ጊዜ የሚሰጥህ «አደረገ»ን ነው፣ «አደረገ» ደሞ ማን በማን ላይ እንዳደረገ አይናገርም። ሴት አደረገ (set ማለቴ ነው)፣ ካንስል አደረገ፣ ኤክስፓየር አደረገ። አምፖሉ በርን አደረገ (ተቃጠለ ለማለት) እንላለን፣ አምፖሉን በርን አደረገው እንላለን፣ «ሞላ» ላይ በ«ተ» ያስተካከልነው ነገር እዚህ ሁልጊዜ አይሠራም፣ በርን ተደረገ የሚል ሰው ሰምተህ ታውቃለህ? ብዙ ኮር ባለው ማሽን ደሞ ጭንቁ በሙሉ ማን በማን ላይ የሚለው ነው፣ ኮር 0 የሞላውን ታይመር ኮር 3 ሊሰርዘው ይችላል፣ ሲሞላ የሚያስተናግደው ሌላ ሊሆን ይችላል። ስሙ እንግዳ ይሁን፣ ግሱ ግን ከቤት ይሁን፣ የኔ አቋም ይሄ ነው።

«ጊዜ ቆጣሪ»ንም ተወው። ቆጣሪ ማለት አዲስ አበባ ላይ በር ላይ የተሰቀለው የመብራት ወይ የውሃ ነው፣ ያለፈውን ይመዘግባል እንጂ የሚመጣውን አይጠራም። እንዲያውም ሦስት ነገር ነው ያምታታኸው። ጊዜ የሚነበብበት «ሰዓት» ነው፣ ሊኑክስም ይሄን ለብቻው ነው የያዘው። ተነስቶ ኢንተራፕት የሚልከው ሃርድዌር «ደወል» ቢባል ያምራል። ፕሮግራሞች ከርነሉን «ከዚህ ያህል ጊዜ በኋላ ጥራኝ» የሚሉት ደሞ «ቀጠሮ» ነው፣ ቀጠሮ ይያዛል፣ ይደርሳል፣ ይሰረዛል፣ ይዛወራል፣ ግሶቹ ሁሉ ተዘጋጅተው ነው የሚጠብቁህ። «ቀጣሪ» ብቻ እንዳትል፣ አሠሪ ይሆንብሃል። እና ቁልፉ ነገር፣ ኮሩ ጋ ያለው ደወል አንድ ነው፣ ቀጠሮው ግን መቶም ሺህም ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ከርነሉ ቀጠሮዎቹን በቅደም ተከተል ይይዝና ደወሉን ለቅርቡ ቀጠሮ ብቻ ይሞላዋል፣ ያ ሲሞላ አስተናግዶ ለቀጣዩ እንደገና ይሞላዋል። «ደወል ይሞላል፣ ቀጠሮ ይያዛል» ካልክ ይሄ ነገር ያለ ማብራሪያ ይገባል።

«ያቋርጠዋል» መጥፎ አይደለም፣ ግን መንገድ ያቋረጠ፣ ትምህርት ያቋረጠ አይመለስም፣ ፕሮሰሰሩ ግን ኢንተራፕቱን አስተናግዶ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ሥራ ላይ ላለ ኮር «ጠራው» በል፣ ለተኛ ኮር «ቀሰቀሰው»። ለቲክ (በእኩል ርቀት ደጋግሞ ለሚመጣው የታይመር ጥሪ) «ምት»፣ እንደ ልብ ምት፣ በሰከንድ 250 ምት ከሆነ በየ4 ሚሊ ሰከንዱ አንድ። ታይመር ከኮር ወደ ኮር ሲሄድ ደሞ «ተዛወረ» እንጂ «ተሰደደ» አይባልም፣ ማንም አላሳደደውም።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። ሥራ የሌለው ኮር በጣም ሲተኛ፣ በተለይ በቆዩት የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ላይ፣ የራሱ ደወልም አብሮት ይቆማል። ታዲያ ማን ይቀስቅሰው? ኮሩ ከመተኛቱ በፊት ሊኑክስ ቀጠሮውን ላልተኛ ደወል ይሰጥለታል፣ ኤችፔት ሊሆን ይችላል፣ ሰዓቱ ሲሞላ እሱ ይነሳና የተኛው ኮር እንዲቀሰቀስ ያደርጋል። እንግሊዝኛው ብሮድካስት ስለሚል ማስታወሻህ ላይ «የሥርጭት ጊዜ ቆጣሪ» ብለህ እንዳትተረጉመው ሰጋሁ፣ ሬዲዮ ጣቢያ ነው የሚመስለው። ባለፈው ወር መብራት ጠፍቶ ስልኬ ቻርጅ ጨርሶ ነበር፣ ውሃዋ ደሞ 8 ሰዓት ላይ ነው የምትመጣው፣ ወርጄ የብሎካችንን ጥበቃ «አደራ 8 ሰዓት ሲሞላ በሬን አንኳኳልኝ» አልኩት፣ ጋቢውን እንደተከናነበ የእጅ ሰዓቱን አይቶ «እሺ ጋሼ» አለኝ። 8 ሰዓት ላይ አንኳኳ፣ የሦስተኛ ፎቆቹንም የሁለተኛ ፎቆቹንም በየሰዓታቸው ቀስቅሷል። ያ ደወል በትክክል ይሄ ሰውዬ ነው፣ የራሳቸው ሰዓት የቆመባቸውን ሁሉ ቀጠሮ ይዞ የሚያድር። «ባለአደራ ደወል» በለው። አደራ የሚለው ቃል የሰጪውን መተኛት፣ የተቀባዩን መንቃት፣ ሲነጋ ደሞ መመለሱን በአንድ ላይ ይዞታል፣ ኮሩ ሲነቃ አደራውን ተቀብሎ የራሱን ደወል እንደገና ይሞላልና።

የመጨረሻው «ሰረዘ» ነው፣ እዚህ ጋ ማስታወሻህ የሰውን ኮድ ሊያበላሽ ስለሚችል ረጋ ብለህ አንብበኝ። አንድ ፕሮሰሰር ብቻ ቢሆን ቀጠሮ ሰረዝኩ ማለት በቃ ቀረ ማለት ነው። ብዙ ኮር ሲሆን ግን ኮር 0 «ሰረዝኩት» በሚልበት ቅጽበት ቀጠሮው ኮር 3 ላይ ሞልቶ እየተስተናገደ ሊሆን ይችላል፣ ከዝርዝሩ የለም፣ ሥራው ግን እየሄደ ነው፣ ኮር 0 ተሰርዟል ብሎ ሜሞሪውን ቢለቅ ኮር 3 በተለቀቀው ሜሞሪ ላይ ይጽፋል። ለዚህ ነው ሊኑክስ ሁለት ዓይነት መሰረዣ ያለው፣ አንዱ ሰርዞ ይሄዳል፣ ሌላው ሰርዞ እስኪያልቅ ይጠብቃል። እንግሊዝኛው በስሙ መጨረሻ ላይ ሲንክ የሚል ቅጥያ ነው የለጠፈበት፣ አማርኛ ግን ለዚህ ነገር የተሠራ ይመስል «ሰርዞ ሄደ» እና «ሰርዞ ጠበቀ» የሚሉ ጥንዶች አሉት፣ ፊተኛው ግስ የሆነውን ኋለኛው ደሞ ከዛ በኋላ ምን እንደተደረገ ይናገራል። ማስታወሻህ ላይ ብቻውን «ሰረዘ» የሚል እንዳይኖር፣ ሁሌም አንዱን ጨምርለት። «ሰርዞ ጠበቀ» ባልክበት ቦታ ደሞ ወዲያው ሥሩ ጻፍ፦ የሚጠብቀው ኮር ያኛው ለመጨረስ የሚፈልገውን ሎክ (አንዱ ሲይዘው ሌላው እስኪለቀቅ የሚጠብቀው ቁልፍ) ይዞ ከሆነ፣ ያ ሎኩን ይጠብቃል ይሄ ያኛውን ይጠብቃል፣ ሁለቱም ኮሮች እዛው ይቀራሉ።